ፋይሉ በማን መስመር ያልፋል?

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ተቀምጦ ባሕር ዳር ካለ ሰርቨር ጎንደር ወዳለ ሰርቨር ፋይል የሚያዛውር ባለሙያ፣ ትእዛዙን ከመስጠቱ በፊት ፋይሉ በየትኛው መስመር እንደሚያልፍ ማወቅ ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ የተለመደው ትእዛዝ ኤስሲፒ ሲሆን፣ የተመሠረተውም ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን የዩኒቨርሲቲያቸው ኔትወርክ የይለፍ ቃሎች ከተጠለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 በሠሩት ኤስኤስኤች፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በምስጢር እንዲነጋገሩ በሚያደርግ ሥርዓት ላይ ነው።

ቀድሞ የመነሻው ሰርቨር ራሱ ከመድረሻው ጋር ተገናኝቶ ፋይሉን በቀጥታ ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው፣ ኤስሲፒን የያዘው የኤስኤስኤች ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች ዕትም 8.7 ግን ልማዱን ለውጦ ፋይሉ ትእዛዙ በተሰጠበት ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ አደረገ። ስለዚህ ያው ትእዛዝ 8.2ን በያዘው ኡቡንቱ 20.04 ላይ በቀጥታ ሲልክ፣ 8.9ን በያዘው ኡቡንቱ 22.04 ላይ ግን ለጎንደር የተጫነን ዕቃ ወደ ደቡብ መልሶ በእንጅባራ እንደማሳለፍ ይሆናል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 10 ጊጋባይት የመረጃ ቋት ቅጂ ለማሳለፍ ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልጋል፤ ፋይሉ እየወረደ ወዲያው ስለሚጫንም የመስመሩን ሁለቱንም አቅጣጫ ይይዛል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ ደግሞ ኤስሲፒ ካቆመበት መቀጠል ስለማይችል ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ለሚያስታውስ የክልሉ ባለሙያ ይህ ባዶ ስጋት አይደለም።

ለውጡ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። በትልቁ አር አማራጭ የሚመለሰው የቀጥታ መንገድ፣ የመነሻው ሰርቨር ያለ ይለፍ ቃል ወደ መድረሻው እንዲገባ ይጠይቃል፤ ለዚህ ሲባል የባለሙያው የግል ቁልፍ በሰርቨሩ ላይ ከተቀመጠ፣ ሰርቨሩን የሰበረ ሰው ቁልፉ የሚከፍተውን ሁሉ ይወርሳል። ቁልፉን ሳያስቀምጡ በውክልና ማሳለፍም ቢሆን፣ ግንኙነቱ እስካለ ድረስ ሰርቨሩን የሚያዝ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት በር ይከፍታል።

ስለዚህ የሚመረጠው፣ ወደ መነሻው ሰርቨር ገብቶ ካቆመበት መቀጠል የሚችለውን አርሲንክ ከዚያው ማስነሣት ነው፤ አርሲንክ መነሻውም መድረሻውም ሩቅ ሲሆኑ ከሦስተኛ ቦታ አልታዘዝም ስለሚል ይህ ግዴታም ነው። የባለሙያው መስመር ቢቆረጥ ሥራው እንዳይቆም ቲማክስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ይካሄድ፤ ቁልፉም ለዚያ ዝውውር ብቻ የተፈጠረና ከመነሻው አድራሻ ውጭ የማያገለግል ይሁን። የመነሻው ፋይል ከመሰረዙ በፊት የሁለቱ ቅጂዎች የሻ256 አሻራ ይነጻጸር፤ ዝውውሩ እንዳበቃም ቁልፉ በዚያው ቀን ይሰረዝ።