ሥሩ አየር የሚሻ አበባ፤ ኦርኪድን በቤት ውስጥ መንከባከብ

በአበባ መሸጫዎች በብዛት የሚገኘው የኦርኪድ ዓይነት ፋሌኖፕሲስ ይባላል። ከወፋፍራምና ሰፋፊ ቅጠሎቹ ሥር ረጅም ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉም ላይ ነጭ፣ ሐምራዊ ወይም ቢጫ አበቦች በተርታ ይፈነዳሉ። አበቦቹ ሁለት፣ ሦስት ወር ሳይረግፉ ይቆያሉ። የትውልድ ስፍራው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ የሚደርስ ሞቃትና እርጥብ ደን ሲሆን፣ በዚያ በአብዛኛው የሚኖረው አፈር ውስጥ ሳይሆን ዛፍ ላይ ነው።

ዛፍ ላይ ቢኖርም ጥገኛ ተክል አይደለም። ከዛፉ የሚፈልገው መቆሚያ ብቻ ነው፤ ውኃውን ከዝናብና ከጉም፣ ምግቡን ደግሞ በቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ያገኛል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ደኖችም ኤራንጊስና ፖሊስታኪያ የተባሉ ኦርኪዶች በዛፎች ላይ በዚሁ መንገድ ይኖራሉ።

የእነዚህ ተክሎች ሥር በስፖንጅ መሰል ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሽፋኑ ዝናብ ሲያገኘው ፈጥኖ ውኃ ይመጥጣል፤ ቀጥሎ ነፋሱ ያደርቀዋል። ሥሩ መርጠብና መድረቅ እየተፈራረቁለት የሚኖር በመሆኑ በአትክልት አፈር ሲቀበር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቤት ውስጥ የሚሞቱት ኦርኪዶች አብዛኞቹ የሚሞቱት ውኃ አጥተው ሳይሆን በዝቶባቸው ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ባለቤቱም የጠማው መስሎት ሌላ ውኃ ይጨምርበታል።

ስለዚህ መትከያው አፈር ሳይሆን የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት መሆን አለበት፤ ጥቂት የከሰል ስብርባሪ ቢቀላቀልበት መልካም ነው። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ያለውና ቢቻል ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሁን፤ የሥሩን መልክ ከውጭ ለማየት ያስችላል። የረጠበ ጤናማ ሥር አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጣል። ውኃ የሚጠጣበትን ጊዜ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ይህ ቀለም በትክክል ይናገራል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። በጠዋት ቅርፊቱ እስኪርስ ድረስ ማጠጣትና ውኃውን ጨርሶ ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ውኃ በያዘ ሳህን ላይ መቆም የለበትም። በቅጠሎቹ መካከል ባለው እምብርት የቀረ ውኃም ተክሉን ከመሀሉ ሊያበሰብሰው ስለሚችል በጨርቅ ይጠረግ።

ብርሃንን በተመለከተ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይስማማዋል፤ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ቅጠሉ በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቢጫ ካደላ በዝቶበታል ማለት ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ቀን ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሌሊት ከ15 በታች ባይወርድ ይመረጣል። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ተክሉን ማታ ከመስታወቱ ማራቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መጠነኛ ቅዝቃዜ ይጠቅመዋል፤ አዲስ የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ የሚቀሰቅሰው ለጥቂት ሳምንታት ከ25 ዲግሪ በታች የሚቆይ አየር ነው።

ማዳበሪያው በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩብ ወይም ግማሽ ያህሉ ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሥሩ ከረጠበ በኋላ ይሰጠዋል። እምቡጦች ሳይፈኩ ሲረግፉ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ወይም የቦታ መለዋወጥ ነው። የሚበስል ሙዝ አጠገብ መቀመጡም ያረግፋቸዋል፤ ፍሬው የሚያመነጨው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያስረጃልና።

አበባው ሲያበቃ፣ ዘንጉ አረንጓዴ ከሆነ ከታች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው አንጓ በላይ ሲቆረጥ ሌላ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ከደረቀ ግን ከሥሩ ይወገድ። መቀሱ አስቀድሞ በአልኮል ይጸዳ፤ በሽታ ከተክል ወደ ተክል በመቁረጫ ሊዛመት ይችላል። ቅርፊቱ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ እየበሰበሰ አየር ስለማያሳልፍ፣ ተክሉ አበባ በማይኖረው ጊዜ ይለወጥለታል። ያን ጊዜ የለሰለሱትና የጠቆሩት ሥሮች ይቆረጣሉ፤ ጠንካሮቹ ይቀራሉ። አዲሱ ዕቃ ሥሩን ልክ የሚይዝ እንጂ ሰፊ መሆን የለበትም፤ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ያለ ቅርፊት ቶሎ አይደርቅም።

በዘር ማባዛት ለቤት አትክልተኛ አይመችም። የኦርኪድ ዘር እንደ ብናኝ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ሲሆን፣ በተፈጥሮ የሚበቅለው ፈንገስ ሲመግበው ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን በ1922 እ.ኤ.አ. ዘሩ ያለ ፈንገስ በስኳር ውህድ ላይ እንደሚበቅል አሳየ፤ የኦርኪድ እርባታም በላቦራቶሪ እንዲስፋፋ መንገድ ከፈተ። ቤት ውስጥ ያለው ቀላሉ ዕድል አንዳንዴ በአበባው ዘንግ ላይ የምትበቅለው ትንሽ ችግኝ ናት፤ የራሷ ሥሮች አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝሙ ተቆርጣ ለብቻዋ በደቃቅ ቅርፊት ትተከላለች።