«ትልቅ ውሻ ቤት አይለምድም» እና ሌሎች የዳር ከተማ እምነቶች

አዲስ ግቢ ያጠረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ውሻ ይፈልጋል። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ዳር ላይ ቤት የሠራ ምክንያቱን አይጠይቅም። ሌሊት ጅብ ይመጣል፤ ለግንባታ የተከመረው ብረትና ቆርቆሮ ሌባ ይስባል፤ ግራና ቀኙ ገና ባዶ ቦታ ስለሆነ ቢጮኹም የሚሰማ ጎረቤት የለም። ስለዚህ ቡችላ ይፈለጋል። መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው ከሚሸጡ ልጆች ይገዛል፣ ወይም የዘመድ ውሻ እስክትወልድ ይጠበቃል። ያደገ ውሻ ግን በነጻ ቢሰጥ እንኳ የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው። ባለቤቱ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ሜዳ ላይ የቀረው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ፍርስራሹን እየጠበቀ የሰነበተው፣ ሰው አዝኖለት ያነሳው ውሻ በተጠለለበት ግቢ ያረጃል።

ይህ ከክፋት የሚመጣ አይመስለኝም። ሰው ሲል ሰምተን የተቀበልናቸው፣ ቆም ብለን ያልመረመርናቸው እምነቶች ናቸው። አንዳንዶቹ የሚጎዱት ውሻውን ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ሰውም ይገድላሉ።

ከሁሉ የሚዘወተረው «ትልቅ ውሻ አይለምድም፤ ልቡ ከድሮ ጌታው ጋር ነው» የሚለው ነው። የገዛ ተረታችን ግን ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል። ብዙ ጊዜ ሰውን ለመውቀስ እንጠቀምበታለን እንጂ ስለ ውሻ የሚናገረው እውነት ነው። ውሻ የሚጠብቀው የሚበላበትን፣ የሚተኛበትንና የለመደው ሰው ያለበትን ግቢ ነው፤ ያ ግቢ ደግሞ በ2 ዓመቱም በ8 ዓመቱም ሊቀየር ይችላል። በእንስሳት መጠለያዎች ዘንድ የሚሠራበት አንድ ግምት አለ፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የፍርሃት ናቸው፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፣ በ3 ወር ቤቱን ቤቴ ይላል። እንደ ውሻው ያጥራል፣ ይረዝማል። ችግሩ የሚፈጠረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ውሻው ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ምግቡን ሳይነካ ያድራል፣ ሲጠሩት አይመጣም፤ ወዲያው «አላልኩም?» ተብሎ ይመለሳል። ወይም በማግስቱ በሩ ክፍት ይተውና ይጠፋል፤ መጥፋቱም ላለመልመዱ ማስረጃ ሆኖ ይወራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሩን መዝጋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት መመገብ፣ የሚመግበውም አንድ ሰው እንዲሆን ማድረግ።

ለጠባቂነት ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ለትልቁ ውሻ ያደላል። መንገድ ዳር የሚሸጠው ቡችላ ብዙውን ጊዜ ከእናቱ የተለየው 8 ሳምንት ሳይሞላው ነው። ፓርቮ የሚባለው ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ እንዲህ ያለውን ቡችላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል፤ ከዚያ ቢያመልጥ እንኳ ጅብ ሲሸተው በልበ ሙሉነት ለመጮኽ ወራት ይፈጅበታል። ሲያድግ ምን ዓይነት ውሻ እንደሚሆንም ማንም አያውቅም። ያደገውን ውሻ ግን ሄዶ ማየት ይቻላል። ቁመቱ ያለቀ ነው፤ ጠባዩም እንደዚሁ። ከልጅ ጋር እንዴት ነው? ዶሮ ያባርራል? ግቢ ውስጥ በግ ቢገባ ምን ያደርጋል? የሚንከባከበው ሰው ይህን ሁሉ ይነግርዎታል። ሱሉልታ ውስጥ ላምና በግ ይዞ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ዕድሜው አልቋል» የሚሉም አሉ። ውሻ 7 ዓመት ሲሞላው ወደ እርጅና እየተጠጋ ነው ይባላል፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ውሻ ግን በደህና ከተያዘ 12 እና 13 ዓመት መድረሱ የተለመደ ነው። አፉ ዙሪያ ሸበተ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም። ሲያረጅ ጥርሱ ይቆሽሻል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ መገጣጠሚያው በክረምት ብርድ ይታመማል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የሱሉልታን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌ ውሻ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መኝታና ያረጀ ጋቢ እንደሚያስፈልገው ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ሌላው የቆየ ንቀት «የሐበሻ ውሻ አይረባም» የሚለው ነው። ጀርመን ሸፐርድ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ይህ ዝርያ ግን በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ይታወቃል፣ ብዙ ይበላል፣ ረጅም ፀጉሩም እንክብካቤ ይጠይቃል። የእኛው አጭር ፀጉር ያለው መካከለኛ ውሻ ለዚህ አየርና ለዚህ ምግብ የተፈጠረ ነው። እረኛው ከጥንት ጀምሮ ከብቱን በማን እያስጠበቀ እንደኖረ ማስታወስ ይበቃል።

ኃይለኛ ይሁን ተብሎ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ታስሮ የሚውለው ውሻ ደግሞ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም። ሰው ያልለመደ ውሻ እንግዳን ከሌባ አይለይም፤ ሁሉን ስለሚፈራ ሁሉን ይነክሳል፤ ሰንሰለቱ ሲበጠስ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ጠባቂ ማለት ቀን ቤተሰቡን የለመደ፣ ሌሊት የማያውቀውን ድምፅ ለይቶ የሚጮኽ ነው። ማኮላሸትም «ወኔውን ይሰልባል» ይባላል። የተኮላሸ ወንድ ውሻ ሴት ፍለጋ አጥር ዘሎ መሄዱና መንገድ ላይ መደባደቡ ይቀንሳል እንጂ ግቢውን መጠበቁን አይተውም። የበለጠ የሚያሳዝነው የሴቷ ነገር ነው። «ትወልዳለች» ተብላ ገና ቡችላ ሳለች የምትጣለው እሷ ናት፤ ከዚያም ሜዳ ላይ 63 ቀን ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፣ ልጆቿም እንደ እሷ ይጣላሉ። አንድ ቀዶ ሕክምና ይህን ሁሉ ይቆርጠዋል።

ሃይማኖትን ጠቅሰው ውሻን የሚያርቁ ሰዎችን ማክበር ይገባል። ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ ማንም ያውቃል። ያ ግን የቤተ መቅደሱን ሥርዓት የሚመለከት ነው እንጂ እንስሳውን ለማሠቃየት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት በምትቆጥረው በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ረጅሙን መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮት ሄዷል። በእስልምናም የውሻ ልጋግ የነካው ዕቃ ታጥቦ ይጸዳል፤ ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን ውሻ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት እንዳገኘም በሐዲስ ይነገራል። ውሻ መውደድ «የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉትም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከትንሿ ውሻቸው ከሉሉ የማይለዩ እንደነበሩና ስትሞትም በቤተ መንግሥታቸው ግቢ በክብር እንደተቀበረች ማስታወስ ይቻላል።

አሁን ሰው ወደሚገድለው እምነት ልምጣ። «የእብድ ውሻ በሽታ እንዲጠፋ የሜዳ ውሾችን በመርዝ መጨረስ ነው» ይባላል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። የዚህ በሽታ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ውስጥ መነሳቱ ከተመዘገበ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. 1903 በምኒልክ ዘመን ነበር። ዛሬም በኢትዮጵያ በየዓመቱ 2,700 ያህል ሰው፣ በዓለም ደግሞ 59,000 ያህል ሰው በዚሁ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በሽታው ከሚይዘው ሰው 99 በመቶው የሚያዘው ከውሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነከሱትም ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ግን መርዝ አልሠራም። የኢንዶኔዥያ ደሴት ፍሎሬስ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲገባባት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተገደሉ፤ በሽታው ግን ከደሴቲቱ አልጠፋም። ምክንያቱን ማንኛውም የዳር ከተማ ነዋሪ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። የሥጋ ቤት ትርፍራፊና የቆሻሻ ክምር እስካለ ድረስ፣ የሞተው ውሻ ቦታ ከጎረቤት ቀበሌ በመጣ ውሻና በአዲስ ቡችላ ይሞላል። የተገደለው ምናልባት የተከተበ ነበር፤ የሚተካው ግን አልተከተበም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶውን በተከታታይ መከተብ ነው፤ ያን ጊዜ ቫይረሱ የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋል። ከዚህ አንጻር በየዓመቱ የተከተበ፣ የተመከነ፣ የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ ሽማግሌ ውሻ ለሰፈሩ አጥር ነው። እሱን መርዞ ያልተከተበ ቡችላ መተካት በገዛ እጅ አጥር እንደማፍረስ ነው። መርዙ ደግሞ ምርጫ የለውም፤ የጎረቤትን ውሻ፣ ሬሳውን የሚበላውን ጥንብ አንሳ፣ አንዳንዴም ሌሎች የቤት እንስሳትን ይገድላል።

ስለ ንክሻም የተሳሳተ ነገር ብዙ ነው። «እብድ ውሻ ውሃ ስለሚፈራ ይታወቃል» ይባላል፤ ውሃ መፍራት በዋናነት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ የታመመ ውሻ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ሰው ሲነከስ ቁስሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል መለጠፍ ጊዜ ከመግደል በቀር አይጠቅምም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ሳሙናውና ክትባቱ ግን አይቅሩ። ብዙ ወላጆች ክትባቱን የሚፈሩት ድሮ ሆድ ላይ ለተከታታይ ቀናት ይሰጥ የነበረውን መርፌ አስታውሰው ነው። ያ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ እዚሁ አገር ለአሥርት ዓመታት የተመረተ አሮጌ ዓይነት ነበር፤ አዲሱ ክንድ ላይ በአራት ወይም በአምስት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ውሻውንም ቀጥቅጦ መጣል ስሕተት ነው። ባለቤቱ ከታወቀ ለ10 ቀናት ታስሮ ይጠበቃል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ቀን በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ያን እየጠበቀ ሕክምናውን አያዘገይም።

ስለ መጠለያ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ እምነቶች አሉ። አንዱ «ሰው ሳይጠግብ ለውሻ መጠለያ!» የሚል ነው። ከላይ እንዳየነው ውሻን መከተብና ማምከን ልጅን ማዳን ስለሆነ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ሁለተኛው ከእንስሳት ወዳጆች የሚመጣና የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው፦ «የማይገድል መጠለያ ቢከፈት ችግሩ ያልቃል።» በዚህ ስም የሚጠሩ መጠለያዎች በዓለም ላይ የሚመዘኑት ከተቀበሏቸው እንስሳት ቢያንስ 90 በመቶውን በሕይወት በማስወጣት ነው፤ ሊድን የማይችል፣ በሥቃይ ላይ ያለ እንስሳ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ዋናው ቃል «በማስወጣት» የሚለው ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሕግ የሜዳ ውሾችን መግደል ከለከለች፤ መልካም ሕግ ነበር። ውሻ የሚወስድ ሰው በበቂ ባልተገኘባቸው አካባቢዎች ግን መጠለያዎቹ ተጨናነቁ፣ ብዙ ውሾችም ዕድሜያቸውን በአጥር ውስጥ ጨረሱ። ቡታን በበኩሏ ዓመታት የፈጀ የማምከንና የመከተብ ዘመቻ አካሂዳ ከ150,000 በላይ ውሾችን መሸፈኗን እ.ኤ.አ. በ2023 አስታወቀች። መጠለያው ሳይሞላ የሚኖረው ምንጩ ሲዘጋና መውጫው ሲከፈት ነው፤ መውጫውን የሚዘጋው ደግሞ ማንም የማይወስደው ትልቁ ውሻ ነው። አንዱን ትልቅ ውሻ የወሰደ ሰው ለሌላ ውሻ ቦታ ለቀቀ ማለት ነው።

መውሰድ የማይችል ሌላ ብዙ ነገር ይችላል። አንዱን ውሻ ለጥቂት ሳምንታት በግቢው ማቆየት ይችላል። ሥጋ ቤት ያለው ሳንባና ትርፍራፊ መስጠት፣ ሆቴል ያለው የተረፈ ሩዝና እንጀራ ማስቀመጥ ይችላል፤ ወጥ ግን አይስጥ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ውሻ አብሮ እንዳይጾምም ማሰብ ደግ ነው። የእንስሳት ሐኪም የሆነ በወር አንድ ቀን ውሾችን ማምከን ይችላል። ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መቀመጫ ናት፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ደግሞ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ዕውቀቱ ከእነዚህ ከተሞች የራቀ አይደለም።

ትልቅ ውሻ ሊወስድ የሄደ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። የክትባት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን መቼ ነው? ዓመት ካለፈው ከመውሰዱ በፊት ይደገም። ተመክኗል? ካልሆነ ቀጠሮው ይያዝ። በፊት ምን ገጥሞት ያውቃል፤ ዱላ፣ መኪና፣ ርችት፣ ከሌላ ውሻ ጋር ድብድብ? መልሱ ውሻውን ላለመውሰድ ምክንያት አይደለም፤ የትኛው ጥግ ላይ እንደሚያስተኛው፣ ልጆቹ ስንት ቀን ከሩቅ እንደሚያዩት፣ ሰንሰለት ያስፈልገው እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስንበት ነው።