ከመርካቶ እስከ ሳንጃ፦ የታዘዘ እቃ እንዴት ይደርሳል?

ሳንጃ ላይ ተቀምጦ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ጫማ መግዛት የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ሆኗል። የቴሌግራም ቻናሉ ይከፈታል፣ ፎቶው ይታያል፣ «42 ቁጥር አለ?» ተብሎ በኢንቦክስ ይጠየቃል፣ «አለ» ሲባል ብሩ በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ይላካል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጫማው ከመርካቶ ተነስቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፎ ጎንደር እስኪገባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከጎንደር ደግሞ በሁመራ መንገድ፣ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ታች አርማጭሆ ቆላ ወርዶ ሳንጃ ለመድረስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። እስኪደርስ ድረስ ሻጩ፣ ተላላኪው፣ የአውቶቡሱ ረዳት፣ ጎንደር ላይ የሚረከበው ሰውና የሚኒባሱ ሹፌር ይቀባበሉታል። ገዢው ከእነዚህ አብዛኞቹን በመልክም በስምም አያውቃቸውም።

በኢንተርኔት የሚነግድ ሰው ስሙ የሚገነባውም የሚጠፋውም በዚህ ቅብብሎሽ ላይ ነው። ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው የረከሰ ሻጭ ሞልቷል። የተከፈለበትን ያንኑ እቃ፣ በቀጠረው ቀን፣ ሳይሰበርና ሳይቀየር የሚያደርስ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ከሆነ ቆይቷል። ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ1994 አማዞንን ያቋቋመው ሲያትል አጠገብ በተከራየው ቤት ጋራዥ ውስጥ ነበር። በ2006 ድርጅቱ መጋዘኖቹን ለሌሎች ነጋዴዎች ከፈተ፤ ነጋዴው እቃውን ያስገባል፣ ማከማቸቱን፣ ማሸጉን፣ መላኩንና ተመላሹን መቀበሉን አማዞን በክፍያ ይሠራለታል። በ2012 ደግሞ ኪቫ የተባለውን የሮቦት አምራች በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ሠራተኛው መደርደሪያ ፍለጋ መሄዱ ቀርቶ መደርደሪያው በሮቦት ተጭኖ ወደ እሱ እንዲመጣ ማለት ነው። ለአዲስ ተመልካች ግራ የሚያጋባው ግን አደራደሩ ነው። ጫማ ከጫማ፣ መጽሐፍ ከመጽሐፍ ጋር አይቀመጥም። የመጣው እቃ ባዶ ቦታ የተገኘበት ሁሉ ይገባል፤ ሳሙናው ከአሻንጉሊት፣ ገመዱ ከመጽሐፍ ጎን ይውላል። እያንዳንዱ እቃ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ነው። እንዲያውም መደባለቁ ይጠቅማል፤ ተመሳሳይ እቃዎች ጎን ለጎን ስለማይውሉ ጥቁሩን ሸሚዝ በሰማያዊው ተሳስቶ ማንሳት ይቀንሳል። ሥራው ሁሉ የቆመው በመዝገቡ ትክክለኛነት ላይ ነው።

አብዛኛው የአዲስ አበባ የቴሌግራም ነጋዴ ግን መጋዘን የለውም። እቃውም ብዙ ጊዜ የራሱ አይደለም። ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ፎቶ ይወስዳል፣ ትርፉን ጨምሮ ቻናሉ ላይ ይለጥፋል፣ ትእዛዝ ሲመጣ ሄዶ ያነሳል። ሱቅ ለመከራየት አቅም ለሌለው ወጣት ይህ ትልቅ በር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ችግሩ ጠዋት የነበረው ቁጥር ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ መቻሉ ነው። ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ «አልቋል፣ ሌላ ከለር ልላክ?» የሚል ሻጭ ደንበኛውን ያጣል። ጠንቃቃዎቹ ብዙ የሚፈለጉትን ቁጥሮች ቤታቸው ያስቀምጣሉ፤ የቀረውን ደግሞ ብር ከመቀበላቸው በፊት ጅምላ ሻጩ ጋ ደውለው ያስይዛሉ።

ከተማ ውስጥ ማድረሱ በአብዛኛው የሞተረኞች ሥራ ነው። ሞተረኛው ሰፈሩ ድረስ ይሄዳል፣ ይደውላል፤ ገዢው እቃውን አይቶ፣ ለክቶ፣ ያኔውኑ ይከፍላል። ካልወደደው የመልሱን ሂሳብ ሸፍኖ ይመልሳል። ሳንጃ ላለ ገዢ ይህ ምርጫ የለም።

ለክፍለ ሀገር የሚላክ እቃ አስተሻሸጉም ይለያል። የጫማው የራሱ ካርቶን አይበቃም፤ ሌላ ጭነት ሲያርፍበት ይጨፈለቃል። ስለዚህ ጠንከር ባለ ሌላ ካርቶን ይከተታል፣ ክፍተቱ በጋዜጣ ወይም በቁርጥራጭ ስፖንጅ ይሞላል፣ ዙሪያው በፕላስተር ይጠመጠማል። ክብደት ያለው ከሆነ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ አፉ ይሰፋል። ከዚያ በወፍራም ማርከር የተቀባዩ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ከተማ ይጻፋል። ልምድ ያለው ሻጭ በአንድ ጎን ብቻ አይጽፍም፤ ወረቀት ለጥፎም አይተወውም፣ ወረቀት በዝናብ ይላቀቃል። የላኪውን ስልክም ይጨምርበታል፤ የተቀባዩ ስልክ ዝግ ሲሆን ረዳቱ የሚደውልለት ሰው ያስፈልገዋል።

ቆላው የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሊፕስቲክና የፀጉር ቅባት ፖርቶመጋላ ላይ ተጭነው ቀን ሙሉ ፀሐይ ከመታቸው ቀልጠው ይደርሳሉ። ክዳናቸው በፕላስተር ተይዞ፣ በፌስታል ተጠቅልለው፣ ከመኪናው ውስጥ እንዲቀመጡ ለረዳቱ አስረግጦ መንገር ያሻል። ስልክ ሲላክ ደግሞ ጥንቁቅ ሻጭ ከማሸጉ በፊት አብርቶት፣ *#06# ደውሎ መለያ ቁጥሩ ሲወጣ በቪዲዮ ቀርጾ ለገዢው ይልካል። ገዢውም ሲከፍተው እንዲቀርጽ ይነግረዋል። እቃው በመንገድ ተቀይሯል የሚል ክርክር ቢነሳ ሁለቱ ቪዲዮዎች ከብዙ መሐላ ይሻላሉ።

ከዚያ መናኸሪያ። ትልልቆቹ የአውቶቡስ ድርጅቶች እቃ መዝነው፣ ደረሰኝ ቆርጠው ይቀበላሉ። ከእነሱ ውጭ ያለው በረዳቱ እጅ ነው፤ ዋጋው በድርድር፣ ዋስትናው በአደራ። እዚህ ላይ ሻጩ አንድ ነገር ያደርጋል፦ የአውቶቡሱን ታርጋ ፎቶ ያነሳል፣ የሹፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክ ይቀበላል፣ እቃው ሲጫን ያለውን ፎቶ ጨምሮ ሦስቱንም ለገዢው ይልካል። አማዞን ለደንበኛው በሚሰጠው መከታተያ ቁጥር ቦታ የሀገራችን ገዢ የሚይዘው ይህችን ታርጋ ነው። ሥርዓቱ ኩባንያ ሳይቋቋምለት፣ ገንዘብ ሳይመደብለት፣ በላኪዎችና በረዳቶች ልምድ የተገነባ ነው። ሊከበር ይገባዋል።

ጎንደር ላይ እቃው ይቆማል፤ አብዛኛው መጓተትም እዚሁ ነው። አውቶቡሱ አምሽቶ ይገባል፣ የሳንጃው ሚኒባስ የሚነሳው ግን በቀን ነው። መሃል ላይ ማን ይረከበው? ጎንደር ዘመድ ያለው ዘመዱን ወደ መናኸሪያ ይልካል። ዘመድ የሌለው የሚያውቀው ባለባጃጅ ጋ ይደውላል፤ ወይም ለሱቁ እቃ ሊያነሳ ጎንደር የወጣ የሳንጃ ነጋዴ ሲመለስ እንዲያመጣለት ይለምናል። በየእርከኑ ትንሽ ትንሽ ይከፈላል፦ ለተላላኪው፣ ለአውቶቡሱ፣ ለባጃጁ፣ ለሚኒባሱ። አንድ ጥንድ ጫማ ይህን ሁሉ ሲሸከም ርካሽነቱ ይጠፋል። ሦስት አራት ጎረቤታሞች አንድ ላይ አዘው በአንድ ካርቶን ሲያስመጡ ግን ወጪው ይከፋፈላል። ለትንሽ ከተማ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

መመለስ ሲመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ ጉዞ ወደ ኋላ ይደገማል። የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ስለሚለይ በቁጥር ብቻ የሚሸጥ ሰው ብዙ ተመላሽ ይገጥመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገዢው ወረቀት ላይ ቆሞ እግሩን ከተረከዙ እስከ ጣቱ ጫፍ ያስምር፣ በሴንቲ ሜትር ለክቶ ይላክ፤ ሻጩም የጫማውን የውስጥ ርዝመት ለክቶ ያስተያይ።

ከእቃው ይልቅ የሚያስቸግረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢዎች አሉት፤ ብር መላክ ችግር መሆኑ ቀርቷል። ችግሩ ማን ይቅደም የሚለው ነው። ሻጩ የተቀናበረ ስክሪንሾት ስለሚፈራ የንግድ ባንኩን ደረሰኝ በኤፍ ቲ (የዝውውር መለያ) ቁጥሩ ያጣራል። ገዢው ደግሞ ከፍሎ እንዳይታገድ ይፈራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሕንዱ የኢንተርኔት ሻጭ ፍሊፕካርት እ.ኤ.አ. በ2010 ደንበኛው እቃውን ሲረከብ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል በመፍቀድ ይህን ፍርሃት አቃለለ። በቻይና ደግሞ በ2004 የተቋቋመው አሊፔይ የገዢውን ገንዘብ ይዞ ያቆያል፤ ገዢው «ደርሶኛል» ሲል ብቻ ለሻጩ ይለቃል። ለቻይና የኢንተርኔት ንግድ መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ያለው ይህ መሃል ላይ የቆመ ያዥ ነው።

የሳንጃ አካባቢ ሰው ለዚህ አሠራር ባዕድ አይደለም። ታች አርማጭሆ የሰሊጥ አገር ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ በኋላ ሰሊጥም ወደ መድረኩ ገብቷል፤ በሁመራና በመተማ መጋዘኖች ተከፍተዋል። ሻጩ ሰሊጡን መጋዘን ያስገባል። ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ሰሊጡን በዐይኑ አያየውም፤ የሚገዛው ደረጃውን ነው። አስቀድሞ ባንክ ያስገባውን ገንዘብ ያህል ብቻ ይገዛል፤ ሻጩ ክፍያውን በማግስቱ ያገኛል፤ እቃው ከመጋዘኑ ይነሳል። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው ገበያውን ሲመሠርቱ የገጠማቸው ጥያቄ ዛሬ የቴሌግራም ነጋዴን ከሚያስጨንቀው ጋር አንድ ነው፦ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ እቃውንና ገንዘቡን መሃል ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ማን ነው? ለሰሊጡ ተገኝቶለታል። ወደ ሳንጃ ለሚመጣው ጫማ ግን ገና ነው።

ፖስታ ቤት ይህን ቦታ ሊይዝ ይችላል። በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነው ይህ ተቋም ከባንኮችና ከአውቶቡሶች ሁሉ ቀድሞ አደራ የማድረስ ልምድ አለው። አሠራሩ በአብዛኛው በሣጥን ቁጥር ላይ የቆመ ስለሆነ ቤት ለቤት የመሄድ ልማዱ የሰፋ አይደለም፤ የቤት ቁጥር ተጽፎ በማይላክበት ሀገር ይህ እንደ ጉድለት መታየት የለበትም። የወረዳ ከተማ ገዢ የሚፈልገው የታወቀ መስኮት፣ የሚፈርምበት መዝገብና ስሙ የታወቀ ተጠያቂ ሰው ነው። ፖስታ ቤት ሦስቱንም ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ በቴሌግራም የተጻፈው «ከፈልኩ»ና «ልኬአለሁ»ም ዋጋ ቢስ ጽሑፍ አይደለም።

ሁሉም ነገር ቢሟላ እንኳ መንገድና ኔትወርክ የራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ቻናሎቹ ለገዢው ጨለሙ። ስልክ በሚሠራበት ቦታ በቴሌብሩ *127# ወይም በንግድ ባንኩ *889# ብር መላክ ይቻል ነበር፤ የእቃው ፎቶ ግን አይደርስም። መንገድ ሲዘጋም እቃ ጎንደር ላይ ይከማቻል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሻጩ መዘግየቱን ቀድሞ ቢናገር ገዢው ይታገሣል፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ሌባ ይባላል፣ እቃው በእርግጥ መንገድ ላይ ቢሆንም።

ጎንደር መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ያላቸው ሰዎች እቃ ተረክቦ የማቆየቱንና የማስተላለፉን ሥራ በሙሉ ልብ ሊይዙት ይገባል። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ መዝገብ፣ ሲቀበሉ ፎቶ፣ ሲያስረክቡ ፊርማ፣ ግልጽ የሆነ የአገልግሎት ዋጋ ይበቃል። ለሳንጃም፣ ለትክል ድንጋይም፣ ለዳንሻም የሚያልፈው እቃ በዚያ በኩል ሊያልፍ ይችላል።

እስከዚያው ሳንጃ ላይ ሆኖ የሚያዝ ሰው ብሩን ከመላኩ በፊት ይጠይቅ፦ እቃው አሁን በሻጩ እጅ ነው ወይስ ገና ሊነሳ ነው? በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አውቶቡስ ይጫናል? ደረሰኝ ይቆረጥለታል? ልኩ ባይሆን የመመለሻውን ማን ይከፍላል? ጎንደር ላይስ ማን ይረከበዋል? መልሱን በጽሑፍ ለማይሰጥ ሻጭ ገንዘብ አይላክ።