ፀሐይ የበላችው ኮፈን

ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ገዢው ገና ሞተሩን ሳያስነሳ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ «ቀለሙ ኦሪጅናል ነው?» የተቀባ መኪና የተጋጨ ነው ብሎ የሚያስብ ገዢ ብዙ ነው። ባለቤቱ «ኧረ ፀሐይ በልታው ነው ያስቀባሁት» ቢል ማን ያምነዋል? ዋጋው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይወርዳል። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ሰውየው እውነቱን ነው።

«ፀሐይማ አፋር ናት፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው» የሚል አይጠፋም። ሙቀቱን ብቻ እያሰበ ነው። ቀለሙን በዋናነት የሚጎዳው ግን በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይዋ ቀጥታ አናታችን ላይ ነች። ነፋሱ እኛን ያታልለናል፣ ኮፈኑን ግን አያድነውም።

ጣሪያዋ ሮዝ ሆኖ በሮቿ ቀይ እንደሆኑ የቀሩ አሮጌ ኮሮላ መቼም አይታችኋል። ጣሪያና ኮፈን ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ስለሚያዩ ቀድመው ይሄዳሉ።

የአሁን መኪኖች ቀለም ላይ ክሊር የሚባል ግልጽ ሽፋን አለ። የሚያብረቀርቀውም፣ የፀሐይዋን ዱላ የሚቀበለውም እሱ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ማታ የስልካችሁን መብራት ከጎን በኩል ኮፈኑ ላይ አብሩና እዩት። ደብዝዞ ግን ለጣት ለስላሳ ከሆነ ተስፋ አለው፣ በፖሊሽ ይመለሳል። ነጭ ነጭ ብሎ ጠርዙ እንደ ተላጠ ቆዳ መነሳት ከጀመረ ግን አበቃ። በቴሌግራም የሚሸጥ የትኛውም ቅባት አይመልሰውም፤ ያንን ክፍል ማስቀባት ብቻ ነው። ፖሊሽም ቢሆን ክሊሩን እየፋቀ ነው የሚያበራው። በየወሩ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው መኪናውን እየተንከባከበ ሳይሆን እየጨረሰው ነው።

እና ምን ይሻላል? ጥላን የሚያህል የለም። ጥላው የዛፍ ከሆነ ወፎቹን አትርሱ፤ ኩሳቸው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ክሊሩን ያቃጥላል፣ ዛሬውኑ በውሃ አርሳችሁ አንሱት። የመኪና ልብስ ጥሩ ነው፣ ግን አቧራ የለበሰ መኪና ላይ ከጣላችሁት ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ መወልወልም ያው ነው። ላቫጆ ስትሄዱ ደግሞ በዱቄት ሳሙና እንዳያጥቡባችሁ ንገሯቸው፤ የተቀባውን ዋክስ ጠርጎ ነው የሚሄደው። የመኪና ሻምፖ ይሁን፣ ማጠቡም ጥላ ውስጥ።

የራይድ ሾፌር ጥላ እየመረጠ አይሠራም፣ ይገባኛል። ለእሱ የምለው፦ ዋክሱን መላ መኪናው ላይ መጨረስ አያስፈልግም፤ ኮፈኑንና ጣሪያውን በየሁለት በየሦስት ወሩ ቀባ፣ ሌላው ይቆይ። ቲክቶክ ላይ የሚወደሰው ሴራሚክም ውሃና ቆሻሻ እንዳይዝ ያደርጋል፣ ያብረቀርቃል፤ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪናን ግን ከፀሐይ አያወጣውም። ገንዘቡ የሚከብዳችሁ ከሆነ ቢቀር አይቆጫችሁ።

የፊት መብራቱም በዚሁ ጨረር ነው ቢጫ የሚሆነው። በጥርስ ሳሙና ሲፈተግ እውነትም ይጠራል። ግን ከላዩ መከላከያ ሽፋን ካልተቀባ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል።