ብርሃን በብርሃን ላይ ቢጨመር ይጨልማልን?

አንድ ሻማ በሚበራበት ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ሻማ ቢለኮስ ክፍሉ ይበልጥ እንደሚደምቅ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ብርሃን ተጨምሮ ጨለማ ሆነ የሚል ሰው ቢገኝ ሰሚው ሁሉ መሳቁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በለንደን ከተማ አንድ የሠላሳ ዓመት ሐኪም በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ይህንኑ ተናገረ፤ መናገር ብቻም ሳይሆን በልክ አስረዳ። እኛም ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው፥ ተማሪዎቻችን ለፈተና ሲሉ በቃል የሚይዙት አንድ አጭር ቀመር እንዴት ያለ ክርክር እንደ ቈረጠ ለማሳሰብ ነው።

ሐኪሙ ቶማስ ያንግ ይባላል። የተወለደው በ1773 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብርሃን ማለት የሚወረወሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው የሚለው የኒውተን አሳብ ነግሦ ነበር። ኒውተን በ1727 ቢሞትም ስሙ ብቻውን እንደ ማስረጃ ይቈጠር ነበር። ያንግ ግን ብርሃን የሚጓዘው እንደ ሞገድ ነው አለ።

በኖቬምበር 24 ቀን 1803 ለሮያል ሶሳይቲ ባሰማው ንባብ የገለጸው ሙከራ እጅግ ቀላል ነበር። በመስኮት መዝጊያ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ የፀሐይ ጮራ አስገባ፤ በጮራው መካከልም ወርዱ የኢንች አንድ ሠላሳኛ ያህል የሆነ የካርቶን ቍራጭ አቆመ። ጮራው በግራና በቀኝ ተከፍሎ ካለፈ በኋላ በቍራጩ ጥላ ውስጥ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ተሰልፈው ታዩ። በአንድ ወገን የሚያልፈውን ብርሃን በከለለ ጊዜ ግን እነዚያ መስመሮች ጠፉ። እንግዲህ መስመሮቹ የሚወለዱት ከግራና ከቀኝ የመጣው ብርሃን ሲገናኝ ነው ማለት ነው። በ1807 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፉም ብርሃን በሁለት ቀዳዳ ወይም በሁለት ቀጭን ስንጥቅ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አብራራ፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚጠናው ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ወደ ረጋ ኩሬ ቢጣሉ ከሁለቱም የሚነሣው ሞገድ ይገናኛል። ጕብታ ከጕብታ ጋር በተገናኘበት ስፍራ ውሃው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ ጕብታ ከጐድጓዳ ጋር በተገናኘበት ስፍራ ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። በብርሃንም እንዲሁ ነው። ከሁለቱ ስንጥቆች እኩል በሚርቀው የግድግዳው መካከል ሁለቱ ሞገዶች እኩል መንገድ ተጕዘው ስለሚደርሱ ስፍራው ይደምቃል። ከመካከሉ ወደ ጎን ስንሄድ አንደኛው መንገድ ከሌላው እየረዘመ ይሄዳል። ልዩነቱ የሞገዱን ርዝመት እኩሌታ ሲያህል ይጨልማል፤ አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ሲያህል ደግሞ ተመልሶ ይደምቃል።

ታዲያ ከመካከሉ ምን ያህል ብንርቅ ነው ልዩነቱ አንድ የሞገድ ርዝመት የሚሆነው? ስንጥቆቹ የተቀራረቡ፥ ግድግዳውም ከእነርሱ በጣም የራቀ ከሆነ ሁለት ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች መልሱን ይሰጡናል። የመንገዱ ልዩነት ለስንጥቆቹ ርቀት ያለው ምጣኔ፥ ከመካከሉ የራቅነው ለግድግዳው ርቀት ካለው ምጣኔ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የሞገዱን ርዝመት በግድግዳው ርቀት አባዝተን፥ በሁለቱ ስንጥቆች መካከል ላለው ርቀት ብናካፍል፥ ከአንዱ ብሩህ መስመር እስከሚቀጥለው ያለውን ርቀት እናገኛለን።

በምሳሌ እንየው። የቀይ ሌዘር ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.00065 ሚሊሜትር፥ የስንጥቆቹ ርቀት 0.25 ሚሊሜትር፥ ግድግዳውም 2 ሜትር ማለት 2000 ሚሊሜትር የራቀ ይሁን። 0.00065 በ2000 ሲባዛ 1.3 ይሆናል፤ ይህ ለ0.25 ሲካፈል 5.2 ሚሊሜትር ይወጣል። ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ሳይመልሱ ሜትርን ከሚሊሜትር ጋር ያደባለቁ እንደ ሆነ ግን ስሌቱ ከንቱ ነው። የሞገዱ ርዝመት 0.000532 ሚሊሜትር በሆነ አረንጓዴ ብርሃን ቢሠራ ደግሞ መስመሮቹ ተቀራርበው 4.3 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ።

እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። 2000 ለ0.25 ሲካፈል 8000 ነው። ይኸውም ሁለት ስንጥቆችና አንድ ግድግዳ፥ ዓይን ሊያየው የማይችለውን የሞገድ ርዝመት 8000 ጊዜ አጕልተው በተማሪ ማስመሪያ እንዲለካ አደረጉት ማለት ነው። የቀመሩ ትልቅ ጥቅም ወደ ኋላ ሲነበብ ነው፤ መስመሮቹን ለክተን የማይታየውን እናውቃለን።

ለመለካት ግን ጥንቃቄ ያሻል። የሌዘሩን ጮራ በቀጥታ ማየት ዓይንን ይጐዳል። ደግሞም አንዱን ክፍተት ብቻ ከመለካት ብዙውን ለክቶ ማካፈል ይሻላል። 11 ብሩህ መስመሮች ብንቈጥር በመካከላቸው ያሉት ክፍተቶች 10 ናቸው። ጠቅላላው ርቀት 52 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ ለ10 ማካፈል ሲገባው ለ11 ያካፈለ ተማሪ የሞገዱን ርዝመት 0.00059 ሚሊሜትር ያደርገዋል፤ ይህም የቢጫ ብርሃን ልክ ነው። በግድግዳው ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው በደብተሩ ላይ ቢጫ ሆነ ማለት ነው!

ያንግ የቀይን ሞገድ የኢንች አንድ 36 ሺህኛ፥ የሐምራዊውን የኢንች አንድ 60 ሺህኛ ያህል ነው ብሎ ጽፎአል። ዛሬ በረቀቁ መሣሪያዎች ከሚገኘው ልክ ብዙ አይርቅም። የሚያስደንቀውም፥ በ1801 ይህን መሰሉን ስሌት ሲያቀርብ የተጠቀመው ኒውተን ራሱ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ በሚታዩ ቀለማት ትቶት በሄደው ልኬት ነው። ሊቁን በሊቁ ቍጥር ተከራከረው።

ነገር ግን ወዲያው አልተመሰገነም። ሄንሪ ብሩም የተባለ ጸሐፊ ስሙን ሳይገልጽ በኤዲንብራ ሪቪው መጽሔት ላይ በጽኑ ነቀፈው፤ ያንግም በ1804 መልስ ቢያሳትም የተሸጠው አንድ ቅጂ ብቻ እንደ ነበር ይነገራል። ፈረንሳዊው ፍሬኔል የሞገዱን ትምህርት በሒሳብ አጽንቶ በ1819 ከፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እስከ ተሸለመ ድረስ ብዙዎች አላመኑም ነበር። ቅንጣት የሚለው አሳብም ቢሆን ፈጽሞ አልሞተም፤ አይንስታይን በ1905 ብርሃን በጥቃቅን የኃይል እሽጎች እንደሚሰጥና እንደሚወሰድ አስረድቶ በአዲስ መልክ መለሰው። በ1961 ደግሞ ጀርመናዊው ዮንሰን ኤሌክትሮኖችን በጥቃቅን ስንጥቆች አሳልፎ ተመሳሳይ መስመሮች አሳየ። ቅንጣት የምንለውም በሞገድ ልክ ይሰለፋል ማለት ነው።

ስለዚህ በትምህርት ገበታ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ አስቀድማችሁ ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች በእጃችሁ ሣሉአቸው። በየመሥሪያ ቤቱ የተሰለፋችሁም፥ አንድ ነገር በታላቅ ሰው ስም ተደግፎ ሲቀርብላችሁ «ማን አለው?» ከማለታችሁ በፊት «በምን ተለካ? በስንትስ ተካፈለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ11 እና በ10 መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ብቻ ናት፤ ነገር ግን ቀዩን ቢጫ ለማድረግ ትበቃለች።