«ኢልማቲክ» የተባለው አልበም እንዴት እንደ ተሠራ

በመኝታ ቤታችን ማታ ማታ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፥ ራፕ ሙዚቃ ነው ወይስ ጩኸት? የሚለው ነው። ጩኸት ነው ባዮቹ የሚያቀርቡት ምክንያት፥ ራፐር ዜማ አያወጣም፥ መሣሪያም አይመታም፥ የሰው ሸክላ ቈርጦ በላዩ ይለፈልፋል የሚል ነው። ነገሩን በወሬ ከመግፋት አንድ ሥራ መርጦ አሠራሩን መመልከት የሚሻል ስለ መሰለኝ፥ ናስ የተባለው የኒው ዮርክ ራፐር በ1994 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበም አነሣለሁ። (ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናስ፥ በሙሉ ስሙ ናሲር ጆንስ፥ በ1973 ተወለደ። ያደገው ኩዊንስብሪጅ በተባለው፥ ከ3,000 በላይ መኖሪያዎች ባሉት የመንግሥት ኪራይ ቤቶች መንደር ነው። ትምህርቱን ያቋረጠው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። በ1992 የልብ ጓደኛው በዚያው መንደር በጥይት ሲገደል፥ ወንድሙም ቈስሎ ተርፏል። አልበሙ ከዚህ ሰፈር እምብዛም አይወጣም። ከዘፈኖቹ አንዱ እንዲያውም ለታሰሩ ጓደኞች የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ልጅ መወለዱን፥ ማን ከማን እንደ ተጣላ፥ የሰፈሩን ወሬ ኹሉ ይነግራቸዋል።

ስቱዲዮ የገባው በትርፍ ሰዓት ነበር። ላርጅ ፕሮፌሰር የተባለው አቀናባሪ ለታወቁት ለራኪምና ለኩል ጂ ራፕ ይሠራ ስለ ነበር፥ እነርሱ በማይመጡበት ሰዓት ይህን ልጅ እያስገባ ያስቀዳው ነበር። በ1991 በላርጅ ፕሮፌሰር ቡድን ዘፈን ውስጥ ድምፁ ተሰማ፤ ኋላም ኤም ሲ ሰርች ኮሎምቢያ ወደተባለው ኩባንያ አቀረበው።

በዚያን ጊዜ የራፕ አልበም በአብዛኛው በአንድ አቀናባሪ ወይም በአንድ ቡድን እጅ ያልቅ ነበር። ለናስ ግን አምስት ሰዎች ሠሩለት፤ ላርጅ ፕሮፌሰርና ዲጄ ፕሪሚየር ሦስት ሦስት፥ ፒት ሮክ፥ ኪው ቲፕና ኤል ኢ ኤስ አንዳንድ ዘፈን። ከመግቢያው በቀር ዘጠኝ ዘፈን ብቻ ነው፤ ጠቅላላው 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

«ሸክላ መቍረጥ» የተባለው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ፒት ሮክ ፒያኒስቱ አሕመድ ጀማል በ1970 ካወጣው ሸክላ ጥቂት ሴኮንድ ወስዶ፥ ያችኑ ደጋግሞ እያዞረ ከበሮ ጨመረባት። ስርቆት ይመስላል። ነገር ግን ከብዙ ሺህ ሸክላ መካከል የትኛዋ ቍራጭ ብቻዋን ልትቆም እንደምትችል ለማወቅ ጆሮ ያስፈልጋል። ደግሞም ኹሉ ቍራጭ አይደለም፤ በአንዱ ዘፈን መጨረሻ ላይ ኮርኔት የተባለችውን አጭር ጥሩንባ የሚነፋው የናስ አባት፥ የጃዝ ሙዚቀኛው ኦሉ ዳራ ነው። ለእኔ ከአልበሙ ኹሉ የምትበልጠው ይህች ቦታ ናት።

ግጥሙን በተመለከተ፥ እኛ የለመድነው ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ነው። ናስ ግን ስንኙ ሳያልቅ በመካከሉ ኹለት ሦስት ጊዜ ቤት ይመታል፤ ዐረፍተ ነገሩም ስንኙን ጥሶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሰሚው ማረፊያውን ከየት እንደሚያገኝ አያውቅም። ፕሪሚየር እንደ ተናገረው፥ ከኹሉ የሚደነቀውን የመጀመሪያ አንጓ ናስ የቀዳው ሳያቋርጥ ባንድ ጊዜ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ግን እንዴት እንደሚጀምር ጨንቆት ነበር።

እንከን የለበትም አልልም። ስለ ሴቶች የሚናገርበት አፍ ለእኅቶቻችን የሚነበብ አይደለም፥ ጠመንጃውም በዝቷል።

«ዘ ሶርስ» የተባለው መጽሔት ከፍተኛውን ማዕረግ፥ አምስት ማይክሮፎን ሲሰጠው፥ ገበያው ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ የወርቅ ማዕረግ ያገኘው በ1996፥ የፕላቲነም በ2001 ነው። በ2013 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የምርምር ድጋፍ አቋቋመ። በ2021 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት አልበሙን ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች መዝገብ አገባው።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ናስ ከዴሚያን ማርሊ ጋራ በ2010 ባወጣው አልበም የመጀመሪያው ዘፈን የተሠራው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተቈረጠ ዜማ ነው። ይህን ለጩኸት ነው ባዩ ጓደኛችን ብናሰማው፥ ሳይታወቀው በእግሩ ምት ይመታ ጀመር። ከዚያ ማታ ወዲህ ክርክራችን ዜማው የማን ነው ወደሚለው ዞሯል።