ካሜራው ያልቀዳውን ቀለም ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል?

ዩቲዩብ ላይ የድሮ ፊልም ስትፈልጉ «በቀለም የታደሰ» የሚል ርዕስ ያላቸው ቪዲዮዎች አጋጥመዋችሁ ይሆናል። መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ፊልም ትከፍታላችሁ፤ የተዋናይቷ ከንፈር ቀይ፣ የፖሊሱ ካፖርት ጥቁር ሰማያዊ፣ ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። ማየቱ ደስ ይላል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት፦ ካሜራው ያኔ ቀለም ካልቀዳ፣ ይሄ ሁሉ ቀለም ከየት መጣ?

አጭሩ መልስ «ከግምት» ነው። ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ ይጥማል። ምክንያቱም ፊልም ማደስና ፊልም ቀለም መቀባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ማስረጃ ፈልጎ ያገኛል፤ ሌላው ማስረጃ በሌለበት ይገምታል። ልዩነቱን በአንድ የብሪታንያ የወንጀል ፊልም እንየው።

ወርቃማ ፀጉር በግራጫ ፊልም

ፊልሙ «ዘ ሎጀር» ይባላል፤ «ተከራዩ» እንደ ማለት ነው። ድምፅ አልባ ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር፤ በኋላ በዓለም ከታወቁ የልብ አንጠልጣይ ፊልም ሠሪዎች አንዱ ሆኗል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ለንደን በጭጋግ ተሸፍናለች። «ተበቃዩ» የሚባል ገዳይ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ሴት ይገድላል፤ የሚመርጠውም ወርቃማ ፀጉር ያላቸውን ነው። በዚህ መሃል አንድ ዝምተኛ ወጣት መጥቶ ክፍል ይከራያል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ወርቃማ ፀጉር ያላቸው ሴቶች ሥዕሎች ሲያይ ይረበሻል፤ እንዲነሱለትም ይጠይቃል። የአከራዮቹ ልጅ ዴዚ ደግሞ ፀጉሯ ወርቃማ ነው። ሰውየው ገዳዩ ነው ወይስ አይደለም? እሱን ፊልሙን አይታችሁ ድረሱበት።

ልብ በሉ፤ ታሪኩ በሙሉ የቆመው በፀጉር ቀለም ላይ ነው። የተቀረፀው ግን በጥቁርና ነጭ ነው። ተመልካቹ ፀጉሩን «ወርቃማ» ብሎ የሚቀበለው ግራጫው ደመቅ ስላለና ታሪኩም ስለነገረው ነው። አሁን ፊልሙን ለኮምፒውተር ሰጥታችሁ «ቀለም ቀባልኝ» በሉት እንበል። ዴዚን በአንዱ ትዕይንት ወርቃማ፣ በሌላው ፈካ ያለ ቡናማ ፀጉር ቢሰጣትስ? አደጋ ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ይምታታል። ስለዚህ የቀለም ስህተት ለዓይን ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ታሪኩንም ያበላሻል።

ሦስት ቁጥር ገብቶ አንድ ቁጥር ሲወጣ

ስልካችሁ የሚያነሳው ፎቶ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥሮችን ይይዛል፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ነው። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሩት ሦስቱ ቁጥሮች ተደምረው አንድ ይሆናሉ። በጣም የተለመደው ቀመር ይሄ ነው፦

ግራጫ = 0.299 × ቀይ + 0.587 × አረንጓዴ + 0.114 × ሰማያዊ

አረንጓዴ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዓይናችን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ነው።

እስቲ እናስላው። ቀይ 200፣ ሌሎቹ 0 የሆኑበት ፒክስል ውሰዱ፤ 0.299 × 200 = 59.8፣ ማለትም 60 ገደማ። አሁን ደግሞ አረንጓዴ 102፣ ሌሎቹ 0 ይሁኑ፤ 0.587 × 102 = 59.9፣ እሱም 60 ገደማ። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ! አሁን እኔ «ግራጫው 60 ነው፤ ቀለሙ ምን ነበር?» ብዬ ብጠይቃችሁ ልትመልሱልኝ አትችሉም። ጎበዝ ስላልሆናችሁ አይደለም፤ መረጃው ስለጠፋ ነው። በሦስት ቁጥሮች 16,777,216 ቀለሞችን መጻፍ ይቻላል፤ ግራጫዎቹ ግን 256 ብቻ ናቸው። በአማካይ ለአንድ ግራጫ 65,536 ቀለሞች ይደርሱታል ማለት ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጋችሁ አንድ የበሰለ ቲማቲምና አንድ አረንጓዴ ቃሪያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፎቶውን ላላየ ጓደኛ አሳዩትና የትኛው ቀይ እንደሆነ ጠይቁት። ቅርፃቸውን ከሸፈናችሁበት ይቸገራል።

የድሮ ፊልም ላይ ነገሩ ይብሳል። በዚያ ዘመን በሰፊው ይሠራባቸው ከነበሩ የፊልም ዓይነቶች አንዳንዶቹ ቀይ ብርሃንን ጭራሽ አያዩም ነበር። በእነሱ ላይ ቀይ ከንፈር ጥቁር፣ ሰማያዊ ሰማይ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ማደስ ማለት ምን ማለት ነው?

እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ ፊልሞች ይታተሙ የነበረው ናይትሬት በሚባል ፕላስቲክ ላይ ነው። ናይትሬት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ እንኳ አያጠፋውም። ሳይቃጠል ቢቀርም ከጊዜ ብዛት ይኮማተራል፣ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው አዳሾች በእጃቸው ያሉትን ቅጂዎች ሰብስበው፣ ከእያንዳንዱ የተሻለውን ክፍል መርጠው፣ እያንዳንዱን ፍሬም በስካነር ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት።

ከዚያ ቆሻሻውን ማጽዳት ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ቆንጆ ዘዴ አለ። አቧራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በአንድ ፍሬም ላይ ብቻ ነው። ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉት ፍሬሞች ግን ያንኑ ቦታ ንጹሕ አድርገው ይዘውታል። ኮምፒውተሩ ሦስቱን ያነጻጽርና የተሸፈነውን ክፍል ከጎረቤቶቹ ወስዶ ይሞላዋል። ይሄ ባዶ ግምት አይደለም። የጠፋው ነገር እዚያው ፊልሙ ውስጥ፣ ከሰከንድ ሽራፊ በፊት ወይም በኋላ ተቀምጧል።

ለቀለም ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት የለም። ቀጣዩም ፍሬም ግራጫ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያለውም ግራጫ ነው።

ጥቁርና ነጩ ፊልም ቀለም ነበረው

አሁን የሚገርመው ነገር መጣ። «ዘ ሎጀር» ሲኒማ ቤት ሲታይ ሙሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ አልነበረም። በድምፅ አልባው ዘመን የታተመውን ፊልም በኬሚካል ቀለም ማስገባት የተለመደ ነበር። ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው ፊልሙን ቀለም ውስጥ መንከር ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚቀላው ወይም የሚቢጫው ብርሃን የሚያሳልፈው ክፍል ነው። ሁለተኛው ጨለማውን ክፍል የሚሠሩትን ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች በኬሚካል ወደ ሌላ ቀለም መለወጥ ነው፤ በዚህኛው ጥላው ራሱ ለምሳሌ ሰማያዊ ይሆናል።

የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ሎጀር»ን ከሌሎች የሂችኮክ ድምፅ አልባ ፊልሞች ጋር ሲያድስ እነዚህን ቀለሞችም መልሷል። ሰማያዊውና ማር የመሰለው ቢጫ አንድ ላይ ሲሆኑ የለንደን ጭጋግ በመንገድ መብራት ሥር ምን እንደሚመስል ይሰማችኋል። ይሄ ቀለም በድሮዎቹ ቅጂዎች ላይ አሻራው ያለ፣ የዘመኑ ተመልካችም ያየው ነው። ስለዚህ እድሳት ነው።

ኮምፒውተሩ እንዴት ይገምታል?

ቀለም የሚቀባው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚማረው በቀላል መንገድ ነው። በጣም ብዙ ባለቀለም ፎቶዎች ይሰበሰባሉ፤ ቀለማቸው ይወሰድና ግራጫው ብቻ ለኮምፒውተሩ ይሰጠዋል። «ገምት» ይባላል። ሲሳሳት ይታረማል። ይሄ እየተደጋገመ ሲሄድ ሣር አረንጓዴ፣ ሰማይ ሰማያዊ መሆኑን ይለምዳል።

ለሣር ችግር የለም። ሸሚዝ ላይ ስንደርስ ግን ሸሚዝ ማንኛውንም ቀለም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ስህተቱን ለመቀነስ ብቻ ከሠራ መሃል ላይ ያለውን ይመርጣል፤ ውጤቱም የደበዘዘ ቡናማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ኮምፒውተሩ አማካይ ከመውሰድ ይልቅ ከቀለሞች ዝርዝር ውስጥ እንዲመርጥ በማድረግ ይበልጥ ደማቅ ምስል አግኝተዋል። ግን አትሸወዱ፦ ደማቅ ማለት እውነት ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ግምቱን በድፍረት ተናገረ ማለት ብቻ ነው።

በፊልም ላይ ደግሞ የቁጥር ጣጣ አለ። የ90 ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ቢታይ 129,600 ፍሬም ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ከተቀባ አንዱ ካፖርት እየተራመደ ቀለሙን ሊቀያይር ይችላል።

ታዲያ ቀለም መቀባት ነውር ነው?

አይደለም። ከፊልሙ ውጭ ማስረጃ ከተገኘ ግምቱ ይጠብባል። ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2018 የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ፊልሞች ባለቀለም ሲያደርግ ቡድኑ የዘመኑን እውነተኛ የወታደር ልብሶች እያየ ነበር የሠራው። ዋናው ነገር ግምቱን ግምት ብሎ መጥራት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ የድሮ ፊልሞችን ቀለም መቀባት ሲስፋፋ ብዙ ዳይሬክተሮች ተቃወሙ። በ1988 የወጣው የፊልም ጥበቃ ሕግም በብሔራዊ መዝገብ የገባ ፊልም ቀለም ከተቀባ ይህንን የሚናገር ጽሑፍ እንዲኖረው አዘዘ።

ይሄ ነገር እኛንም ይነካናል። የድሮ የኢትዮጵያ ፎቶዎች ቀለም ተቀብተው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲዞሩ ታያላችሁ። የነጠላውን ጥለት ቀይ ያደረገው ማን ነው? የካባውን ቀለም የነገረው ማን ነው? በሙዚየም ያለ ልብስ ወይም የዘመኑ ጽሑፍ ከመሰከረ ጥሩ። ካልሆነ ግን ያያችሁት የዛሬን ኮምፒውተር ልማድ እንጂ የዚያን ዘመን ቀለም አይደለም። ይህ ምስል ለልጆች መማሪያ ከሆነ በኋላ ደግሞ ግምቱ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ባለቀለም የድሮ ምስል ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዋናው ጥቁርና ነጭ ቅጂ የት ነው? ቀለሙ በምን ማስረጃ ተመረጠ? የቀባው አካል «ቀብቻለሁ» ብሎ ጽፏል? መልስ ካጣችሁ ምስሉን ተደሰቱበት፤ በማስረጃነት ግን አትያዙት። «ዘ ሎጀር» ውስጥም ሰዎች ተከራዩን ጥርጣሬ ብቻ ይዘው ሊፈርዱበት ይቸኩላሉ።